ጋራዡም ዕዳውም የሚዘፈንበት ፍቅር፦ «የሼርቡርግ ጃንጥላዎች» ተመልካቹን ለምን ይከፋፍላል?

«የሼርቡርግ ጃንጥላዎች» የተባለው የፈረንሳይ ፊልም ለሕዝብ ከታየ 60 ዓመት አልፎታል። በ2024 በ4ኬ ታድሶ እንደገና ለተመልካች ቀርቧል። 4ኬ የሚባለው ከተለመደው የኤችዲ ምስል አራት እጥፍ ነጥቦች ያሉት፣ በጣም የጠራ ዲጂታል ቅጂ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያዩት ሰዎች ሲያወሩ ብትሰሙ ስለ አንድ ፊልም የሚያወሩ አይመስላችሁም። አንዱ መጨረሻው ላይ እንባውን መያዝ አቅቶታል። ሌላው ሃያ ደቂቃ እንዳየ ሰልችቶት ዘግቶታል። አንዷ ልጅቷን ከዳተኛ ትላታለች። ሌላዋ እናትየውን ትረግማለች። ቀለሙ ብቻ ትዝ የሚለውም አለ። ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚዘጋው «የጣዕም ጉዳይ ነው» ተብሎ ነው። ወይም «የጥበብ ፊልም ስለሆነ ለሁሉም አይገባም» ይባላል። ሁለቱም መልስ ሩቅ አያስኬድም። ይህን ፊልም ሲወጣ በፈረንሳይ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ትኬት ቆርጦ አይቶታል። ለጥቂት አዋቂዎች ተብሎ የተሠራ ሥራ አይደለም።

የመከፋፈሉ ምክንያት ፊልሙ የተሠራበት መንገድ ላይ ነው። ደጋግመው የሚሰሙት ቅሬታዎች ሁለት ናቸው። «ሁሉንም ነገር ለምን ይዘፍኑታል?» እና «ለምን አብረው አልሆኑም?» የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ፊልሙ ትልቁንም ትንሹንም ነገር በአንድ ድምፅ ይናገራል። ፍቅርም፣ ዕዳም፣ ስንብትም፣ ነዳጅም እኩል ይዘፈናሉ። የቱ ጋ ማልቀስ፣ ማን ላይ መፍረድ እንዳለብን የሚጠቁም ምልክት የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተመልካች ፍርዱን ራሱ ይዞ ይመጣል።

መጨረሻውን አስቀድሞ መስማት የማይፈልግ ሰው ፊልሙን አይቶ ቢመለስ ይሻለዋል። መጨረሻውን ሳይነኩ ይህን ፊልም ማስረዳት አይቻልም።

ሲተረክ ተራ የሆነ ታሪክ

ሼርቡርግ በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ፊልሙ ሲጀምር ካሜራው ከላይ ሆኖ ወደ መንገዱ ያያል። ዝናብ ይዘንባል፤ ባለ ቀለም ጃንጥላዎች ከሥር ይተላለፋሉ። ጽሑፉና ዳይሬክቲንጉ የዣክ ደሚ፣ ሙዚቃው የሚሼል ለግራን ነው። ታሪኩ በሦስት ክፍል ተከፍሏል። መሄድ፣ አለመኖር፣ መመለስ።

ጊዜው ኖቬምበር 1957 ነው። ዠንቪየቭ ከእናቷ ከማዳም ኤመሪ ጋር ጃንጥላ ትሸጣለች። ገና 20 ዓመት አልሞላትም። ጊ የተባለ የጋራዥ መካኒክ ትወዳለች። ጊ ለሁለት ዓመት የውትድርና አገልግሎት ወደ አልጄሪያ ይጠራል። ባቡር ጣቢያ ላይ ይሰናበታሉ። እሱ ከሄደ በኋላ ማርገዟን ታውቃለች። ደብዳቤው እየራቀ ይመጣል። ሱቁ ዕዳ ውስጥ ነው። ሮላን ካሳር የሚባል ጨዋና ሀብታም የጌጣጌጥ ነጋዴ ያገባት ዘንድ ይጠይቃል። መፀነሷን ሲያውቅም «ልጁን እንደ ልጄ አሳድገዋለሁ» ይላል። ታገባዋለች፤ ከተማዋን ለቃ ትሄዳለች።

ጊ በ1959 ሲመለስ ያነክሳል። ሱቁ ተሸጧል። ይጠጣል፤ ከሥራ ይወጣል፤ ያሳደገችው አክስቱ ትሞታለች። ቀስ በቀስ አክስቱን ስታስታምም የነበረችው ማድሌን ከወደቀበት ታነሳዋለች። ይጋባሉ። ነዳጅ ማደያ ይከፍታል። በዲሴምበር 1963፣ በገና ዋዜማ፣ ዠንቪየቭ በመኪና ስታልፍ ማደያው ጋ ትቆማለች። አጭር ወሬ ያወራሉ። ትሄዳለች። አለቀ።

ይህን ታሪክ በትርጉም ፊልም ተራኪ አንደበት በአምስት ደቂቃ ብትሰሙት ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ የሰማችሁት ይመስላችኋል። ልክ ናችሁ። አዲስ የሆነው አነጋገሩ ነው።

«ሁሉንም ነገር ለምን ይዘፍኑታል?»

በተለመደው ሙዚቃል፣ ማለትም ተዋንያኑ መሃል ላይ እየተነሱ በሚዘፍኑበት ፊልም፣ ንግግርና ዘፈን ድንበር አላቸው። ሰዎቹ ያወራሉ። ስሜታቸው ከቃል ሲያልፍ ሙዚቃ ይነሳል። በሕንድ ፊልም ያደገ የአዲስ አበባ ተመልካች ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ልጁና ልጅቷ ተያዩ፤ ሙዚቃ ተነሳ፤ ተራራ ላይ ሆኑ። ዘፈኑ «አሁን ልብ ነው የሚናገረው» የሚል ምልክት ነው። ሲያልቅ ወደ ወሬ እንመለሳለን።

ደሚና ለግራን ያን ድንበር አፈረሱት። በዚህ ፊልም ውስጥ ያለ ዜማ የሚነገር አንድም ዓረፍተ ነገር የለም። ጭፈራም የለም ማለት ይቻላል። ተነጥሎ የሚቆም ዘፈን ከመሆን ይልቅ ንግግሩ ራሱ በዜማ ይፈስሳል። ኦፔራ ውስጥ ለዚህ የቀረበው ሬሲታቲቭ የሚባለው ነው። ሬሲታቲቭ ታሪኩን ወደፊት ለማስኬድ ንግግር በሚመስል ዜማ የሚባል ክፍል ነው። ኦፔራ ግን ከሬሲታቲቩ በኋላ ታላቁን ዘፈን፣ አሪያውን፣ ይሰጣችኋል። እዚህ ያ እንኳ እምብዛም አይመጣም። ሲመጣም ከጎረቤት፣ ከደንበኛ፣ ከግብር ወሬ ጋር ተጣብቆ ነው።

የመጀመሪያውን ትዕይንት ተመልከቱ። ጋራዥ ነው። ደንበኛው የመኪናው ጥገና አልቆ እንደሆነ ይጠይቃል። ጊ «አዎ፣ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ትንሽ ይንኳኳል፣ ግን ኖርማል ነው» ይለዋል። ይህ ይዘፈናል። ያውም ከሥር ሞቅ ያለ ጃዝ እየተጫወተ። ተመልካቹ እዚህ ጋ ሊስቅ ይችላል፤ ይገባል። ከዚያ መካኒኮቹ እጃቸውን እየታጠቡ ስለ ማምሻቸው ያወራሉ። ጊ ኦፔራ ሊያይ ነው። አንዱ ባልደረባው ኦፔራ እንደማይወድ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲዘፍን እንደሚያመው፣ ሲኒማ እንደሚሻለው ይናገራል። ይህንንም የሚለው እየዘፈነ ነው።

ይህን ትዕይንት ብዙዎች እንደ ቀልድ ያልፉታል። ለእኔ የፊልሙ ቁልፍ እዚህ አለ። ደሚ የተመልካቹን ቅሬታ አስቀድሞ ያውቃል። አውቆም በፊልሙ በአምስተኛው ደቂቃ ገደማ ከአንድ ሠራተኛ አፍ ያስወጣዋል። ኦፔራ የነገሥታትና የአማልክት ወሬ ሲሆን የኖረ ጥበብ ነው። ደሚ ያንን ክብር ለመካኒክና ለሱቅ ሻጭ ሰጠ። ሁሉም ነገር የሚዘፈነው ሁሉም ነገር ክብር ስለተሰጠው ነው።

ታዲያ ለምን ይሰለቻል? ጆሮ ምልክት ስለለመደ ነው። ሁሉም ነገር ሲዘፈን የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ላይ ጆሯችን «ዘፈኑ መቼ ያልቃል?» እያለ ይጠብቃል። አያልቅም። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ይተወዋል። የቆየው ተመልካች ደግሞ የሆነ ሰዓት ላይ ዘፈን መሆኑን ይረሳዋል። ንግግር ይሆንለታል። ፊልሙ የሚጠይቀው ትዕግሥት እዚያ ድረስ ነው። ያን መሻገሪያ ሳይሻገር የተወ ሰውና የተሻገረ ሰው ሲከራከሩ፣ ለመግባባት መቸገራቸው አይገርምም። አንዱ ያየው ሙከራውን ነው፤ ሌላው ሰዎቹን።

ፈረንሳይኛ ለማያውቅ ሰው የሚጨምረው ሸክም

የለግራን ዜማ የፈረንሳይኛን የዕለት ተዕለት አነጋገር ተከትሎ የተቆረጠ ነው። ሰው ሲቸኩል ዜማውም ይቸኩላል፤ ሲያመነታ ያመነታል። ሙዚቃው በሙሉ ከቀረጻው በፊት ነው የተቀዳው። ተዋንያኑ የሚጫወቱት በተቀዳው ድምፅ ላይ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ነው። ዘፋኞቹም ሌሎች ናቸው። የዠንቪየቭ ፊት የካትሪን ዴኔቭ ነው፤ ድምፁ የዳንየል ሊካሪ። የጊ ፊት የጣሊያናዊው ኒኖ ካስቴልኑዎቮ ነው፤ ድምፁ የሆዜ ባርቴል።

ይህ አሠራር ለተዋንያኑ የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው። ከዓረፍተ ነገሩ መሃል ቆም ልበል፣ ላዝግመው ማለት አይቻልም፤ ጊዜው ተለክቶ አልቋል። የቀራቸው ፊትና አካል ነው። አንዳንድ ተመልካች «ትወናው ደረቅ ነው» የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ያንኑ እርጋታ ይወደዋል። ዴኔቭ ቀረጻው ላይ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ዝነኛ ያደረጋትም ይህ ፊልም ነው።

በሰብታይትል የሚያይ ሰው ሦስት ሥራ አለበት። ያነባል፣ ያያል፣ ዜማ ይሰማል። ሰብታይትሉ ላይ የሚያነበው «ሂሳቡን ነገ እንከፍላለን» የሚል ነው። ጆሮው የሚሰማው ግን ልብ የሚበላ ዜማ ነው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ይቀበላቸዋል። የማያውቅ ሰው ተለያይተው ይመጡበታል። ስለዚህ ከፈረንሳይ ውጭ ፊልሙን «እንግዳ» የሚለው ሰው ቢበዛ ሞኝነት አይደለም።

ሆኖም ዜማው ቋንቋ አልፎ ተጉዟል። የመለያየታቸው ዜማ በእንግሊዝኛ ግጥም ተሠርቶለት በብዙ የጃዝና የፖፕ ዘፋኞች ተዘፍኗል። ፊልሙ በሁለት ዓመት ውስጥ በጠቅላላው ለአምስት ኦስካር ታጭቷል፤ አንዱንም አላገኘም። በካን ፌስቲቫል ግን በ1964 የበላዩን ሽልማት ወስዷል። «ላ ላ ላንድ»ን በ2016 የሠራው ዴሚየን ሻዜልም የዚህ ፊልም ተፅዕኖ እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። በዚያ ፊልም መጨረሻ አንጀቱ የተላወሰ ሰው የስሜቱን ምንጭ እዚህ ያገኘዋል።

«ለምን አልጠበቀችውም?»

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ይሞቃል። ዠንቪየቭ ጊን ሳትጠብቅ አገባች። ዘፈኑ ላይ ያለ እሱ መኖር እንደማትችል ስትል ነበር። ታዲያ?

አንዱ ወገን «ከዳችው» ይላል። ሌላው «እናቷ ሸጠቻት» ይላል። ሦስተኛው ጊን ይወቅሳል፤ ለምን ቶሎ ቶሎ አልጻፈም? ካሳርን «በገንዘቡ ነጠቀው» የሚለውም አለ። ሁሉም ተጠያቂ ይፈልጋል። የፍቅር ፊልም ያስለመደን ይህንን ነው። ፍቅር ካልሠመረ ያደናቀፈው ሰው መኖር አለበት። ክፉ እናት፣ ተንኮለኛ ተቀናቃኝ፣ የተደበቀ ደብዳቤ።

ደሚ ተንኮለኛ አልፈጠረም። እናትየው ለልጇ የምታስብ፣ ዕዳ ያስጨነቃት ሴት ናት። ካሳር ሳይዋሽ፣ ሳያስገድድ ይጠይቃል። ጊ ጦር ሜዳ ነው። ደብዳቤ የሚደብቅ ሰው የለም። በዚህ ላይ ማንኛቸውም ሲናገሩ ሙዚቃው አይፈርድባቸውም። ክፉ ሰው ሲመጣ የሚሰማው ያ ጨለማ ሙዚቃ የለም። እናትየው ስትከራከር የሚሰማው ዜማ እንደ ፍቅረኛሞቹ ዜማ ያማረ ነው። የፍርዱ ወንበር ባዶውን ቀርቷል። ተመልካቹ ይቀመጥበታል።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ግን የዚያን ዘመን ፈረንሳይ ማወቅ ይጠቅማል። የዛሬ ተመልካች «ለምን ሄዳ አላገኘችውም? ለምን ብቻዋን አላሳደገችም?» ሲል በዛሬ ዓይን ነው። በ1958 ፈረንሳይ ውስጥ ሰው ለአካለ መጠን የሚደርሰው በ21 ዓመቱ ነበር፤ ወደ 18 የወረደው በ1974 ነው። የእርግዝና መከላከያ በሕግ የተፈቀደው በ1967፣ ፅንስ ማቋረጥ ደግሞ በ1975 ነው። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ሥራ መያዝና የራሷን የባንክ ሒሳብ መክፈት የቻለችው ከ1965ቱ ሕግ በኋላ ነው። ዠንቪየቭ እንግዲህ በሕግ ገና ልጅ ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት፤ የሚያኖራቸው ሱቅ እየከሰረ ነው። የልጇ አባት የሚገኘው በደብዳቤ ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ከጦርነት አገር ነው የሚመጣው።

ይህ ሁሉ ከኃላፊነት ነፃ ያደርጋታል ማለት አይደለም። ማንም አስሮ አልዳራትም። አንድ ቦታ ላይ እናቷ በፍቅር የሚሞቱት ሲኒማ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ትነግራታለች። በኋላ ዠንቪየቭ ራሷ ለእሱ እሞት ነበር፣ ታዲያ ለምን አልሞትኩም ብላ ትጠይቃለች። ፊልሙን ያስጨከነው ይህ ጥያቄ ነው። የጊ ፊት እየጠፋባት ነው። ስለ እሱ ስታስብ የሚታያት ፎቶው ብቻ ነው። ይህ ክህደት ከሆነ ስሙ መርሳት ነው፤ መርሳትን ደግሞ ማንም አስቦ አይሠራውም።

የጊም ነገር እንዲሁ ነው። እሱም በሐዘኑ አልሞተም። ጠጣ፣ ተጣላ፣ ከዚያ ሌላ ሴት አገባ፤ ማድሌንንም ከልቡ የወደዳት ይመስላል። ተመልካቹ ግን ዠንቪየቭ ላይ የሚፈርደውን ያህል ጊ ላይ አይፈርድም። ይህን ልዩነት ፊልሙ አልፈጠረውም። ከተመልካቹ የመጣ ነው፤ ወንድ ሲረሳ «ቆረጠለት»፣ ሴት ስትረሳ «ከዳች» የሚል ሚዛን ይዘን ስለምንገባ።

ስሙ ሳይጠራ የኖረ ጦርነት

«የፍቅር ፊልም ነው» ብሎ ለሚያየው ሰው አልጄሪያ ሰበብ ብቻ ትመስላለች። ጊ የሆነ ቦታ መሄድ ነበረበት፤ ሄደ። ለ1964ቱ የፈረንሳይ ተመልካች ግን እንዲህ አልነበረም።

አልጄሪያ ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነፃ ለመውጣት የተዋጋችበት ጦርነት ከ1954 እስከ 1962 ቆይቷል። ከ1 ሚሊዮን በላይ ወጣት ፈረንሳውያን በግዳጅ ተልከውበታል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አልጄሪያውያን አልቀውበታል። መንግሥት ግን ጦርነት አላለውም። «ክስተቶች» ወይም «ጸጥታ የማስከበር ዘመቻ» ነበር የሚለው። በሕግ «ጦርነት» ተብሎ የተጠራው በ1999 ነው፤ ይህ ፊልም ከታየ ከ35 ዓመት በኋላ። ሳንሱርም ነበር። የዳይሬክተሩ የዣን ሉክ ጎዳር ፊልም «ትንሹ ወታደር» በዚሁ ጦርነት ምክንያት እስከ 1963 ታግዶ ቆይቷል።

እና ደሚ ጦርነቱን ሮዝ ግድግዳና ዜማ ውስጥ አስገብቶ አሳለፈው። አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውን ወይም እጮኛቸውን ባቡር ጣቢያ የሸኙ ናቸው። የጊ ደብዳቤ ሲነበብ ፀሐይና ሞት በዚያ አገር አብረው እንደሚጓዙ የሚል ሐሳብ አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ለእነሱ በቂ ነበረች።

ሐያስያን እዚህ ላይ ይለያያሉ። አንደኛው ወገን ፊልሙ ጦርነቱን በስኳር ሸፍኖታል ይላል። አንድም አልጄሪያዊ ሰው አይታይም። በአልጄሪያውያን ላይ የተፈጸመው ግፍ አይነሳም። ጦርነቱ የፈረንሳያዊ ልጅ እግርና ፍቅር ላይ ያደረሰው ጉዳት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ክስ ከባድ ነው፤ እውነትም ነው። ሌላኛው ወገን በዚያ ጊዜ፣ ብዙ ሕዝብ በሚያየው የፍቅር ፊልም ውስጥ «አልጄሪያ» የሚለውን ስም ማንሳት ራሱ ድፍረት ነበር ይላል። ይህም እውነት ነው። በእኔ ግምት ሁለቱ አይጣሉም። ፊልሙ ስለ አልጄሪያ ምንም አያስረዳም። የሚያሳየው ጦርነቱ ሩቅ ያለች የፈረንሳይ ከተማ ውስጥ ምን እንዳጎደለ ነው። ከዚያ በላይ የጠበቀበት ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ቀለሙ፣ ከደበዘዘ በኋላ

ሌላው መከራከሪያ ቀለም ነው። «ከረሜላ ይመስላል» የሚል ተመልካች ብዙ ነው። የቤቶቹን ውስጥ ያዘጋጀው በርናር ኤቫን ነው። ግድግዳውና ልብሱ እየተናበበ ነው የተሠራው። ዠንቪየቭ አበባ ያለበት ልብስ ለብሳ አበባ ካለበት ግድግዳ ፊት ስትቆም ከግድግዳው የተቆረጠች ትመስላለች። ይህን ለውበት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቀስ ብሎ ላየው ግን ቤቱ ልጅቷን እየዋጣት ነው። ጎዳናው ላይ ከጊ ጋር ስትሆን እንዲህ አትጠፋም።

ስለ ቀለሙ ስንከራከር አንድ የቴክኒክ ጉዳይ ይረሳል። ፊልሙ የተቀረጸው ኢስትማንከለር በሚባል ፊልም ነው። የዚያን ጊዜው ኢስትማንከለር ሲቆይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለዓመታት ሲዞሩ የነበሩት ቅጂዎች ቀለማቸው የሸሸ ነበር። በዚያ ጊዜ ፊልሙን ያየ ሰው «ቀለሙ ምኑ ያስገርማል?» ቢል እውነቱን ነው፤ አላየውም። ደሚ ግን ፊልሙን ሲሠራ ምስሉ የተሠራባቸውን ሦስት ቀለማት ለየብቻቸው በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አስቀምጦ ነበር። ጥቁርና ነጩ አይደበዝዝም። ደሚ በ1990 ከሞተ በኋላ ባለቤቱ፣ ራሷም ታላቅ ዳይሬክተር የሆነችው አኜስ ቫርዳ፣ እድሳቱን የመራችው ከዚያ ተነስታ ነው። አሁን የምናየው ደማቅ ሮዝና አረንጓዴ በዚህ መንገድ የተመለሰ ነው።

ከቀለሙ ጋር ንባቡም ተለወጠ። የደበዘዘውን ያዩ ሰዎች ዋነኛ ትዝታቸው ዜማውና ሐዘኑ ነው። የታደሰውን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚመታው ድምቀቱ ነው፤ ሐዘኑ ዘግይቶ ይመጣል። የዛሬው ተመልካች መጨረሻው ላይ «አልጠበቅኩም ነበር» ማለቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ያን ያህል ያማረ ነገር በዚህ ያበቃል ብሎ አያስብም።

ነዳጅ ማደያው

መጨረሻው ትዕይንት ላይ ቆም እንበል፤ ክርክሩ ሁሉ እዚህ ነውና የሚያርፈው።

በረዶ ይጥላል። ማድሌንና ትንሹ ልጃቸው ፍራንሷ የገናን ድምቀት ሊያዩ ወጥተዋል። አንድ መርሴዲስ ይገባል። ነጂዋ ዠንቪየቭ ናት። ከጎኗ ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች፤ የጊ ልጅ ናት። ስሟ ፍራንሷዝ ነው። ፍቅረኛሞቹ ልጅ ሲወልዱ ሊያወጡት ያሰቡትን ስም ሁለቱም ሳይነጋገሩ ለልጆቻቸው አውጥተውታል።

ጊ ብርድ ነው ብሎ ቢሮው ውስጥ ያስገባታል። እናቷ ማረፏን ትነግረዋለች። ከዚያ ሠራተኛው ልጅ ይመጣና ይጠይቃል። ሱፐር ነው ወይስ ኖርማል? ስለ ቤንዚኑ ነው። እሱም እየዘፈነ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የተገናኙ ሁለት ሰዎች መሃል ላይ የቤንዚን ጥያቄ ገባ። ፊልሙ ከጋራዥ እንደጀመረ አስታውሱ፤ መኪና መኪና ነው፣ ሥራም ሥራ ነው። ዓለም ለእነሱ ሲል አልቆመም።

ልጅቷን ማየት ይፈልግ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። እንቢ ይላል። ብትሄጂ ይሻላል ይላታል። በሩ ላይ ደህና እንደሆነ ትጠይቀዋለች። በጣም ደህና ነኝ ይላል። ትሄዳለች። ማድሌንና ልጁ ይመለሳሉ፤ ጊ ከልጁ ጋር በበረዶ ይጫወታል። ኦርኬስትራው ግን ያን የመለያየት ዜማ በሙሉ ኃይሉ ይጫወታል።

የተመልካቹ ልዩነት ከዚህ ይወለዳል። ዓይናችን የሚያየው ደስተኛ ቤተሰብ ነው። ጆሯችን የሚሰማው ለቅሶ ነው። ዓይኑን ያመነ ሰው «ጥሩ ነው፣ ሁለቱም ተሳካላቸው» ይላል። ጆሮውን ያመነ ሰው ያለቅሳል። ጊ ልጁን ለማየት እንቢ ማለቱን አንዱ ጭካኔ ይለዋል፤ ሌላው ለማድሌንና ለፍራንሷ ያለው ታማኝነት ይለዋል። ለየትኛውም ፍርድ የሚሆን ማስረጃ ፊልሙ ውስጥ አለ። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ። ልጅቷን አንዴ ቢያያት ያንን በር መልሶ ለመዝጋት አቅም አይኖረውም ነበር።

ቅንጣቢና ትርጉም ሲጨመርበት

ፊልሙ ጠርቶና ደምቆ በመመለሱ አዲስ ተመልካች ማግኘቱ አይቀርም። አብሮት አንድ ችግር ይመጣል። ዛሬ ብዙ ፊልም የሚታወቀው በቅንጣቢ ነው። የማደያው ትዕይንት ተቆርጦ ለብቻው ሲታይ ሁለት ሰዎች በረዶ ላይ ስለ ቤንዚን የሚዘፍኑበት እንግዳ ነገር ይሆናል። የዜማው ትርጉም ያለው ቀድሞ በሰማነው ላይ ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ ያንን ዜማ ያልሰማ ሰው እዚህ ሲደገም ምንም አይነካውም። ስለዚህ «እኮ ይሄ ነው የሚያስለቅሰው?» የሚለው ጥያቄ ወደፊት የሚበዛ ይመስለኛል።

በተራኪ ወደ አማርኛ ቢመለስም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ተራኪው በዜማው ላይ ሲናገርበት የሚተርፈው ያ ተራ ታሪክ ብቻ ነው። ለዚህ ፊልም ሰብታይትል ይሻላል። ከመጀመራችሁ በፊት ታሪኩን በጥቂት መስመር አንብባችሁ ብትገቡም አትከስሩም። ዓይናችሁ ጽሑፉ ላይ ከመፍጠን ያርፋል፤ ጆሯችሁም ከጋራዡ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ዜማውን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል።